አሣቂውን እናውቀዋለን፤ ጸሐፊውስ ማን ነው?

ከአንባቢዎቻችን አንዱን መንገድ ላይ አስቁመን «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከልብ ያሣቀህ ማን ነው?» ብንለው፥ ወዲያው የአንድ ተዋናይ ስም ይጠራልናል። ስሙን በመጥራት ብቻም አያበቃም፤ ተዋናዩ ከንፈሩን እንዴት እንደሚያጣምም፥ ባርኔጣውን እንዴት እንደሚደፋ እያስመሰለ ያሳየናል። «መልካም፤ ያንን ሁሉ ነገር የጻፈለትስ ማን ነው?» ብለን ስንጨምርበት ግን ዝም ይላል፤ አለዚያም «ራሱ ነው እንጂ የሚናገረው!» ብሎ ይቈጣናል። ይኸው ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር» የማን ድርሰት ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሐዲስ ዓለማየሁ ብሎ ሳያመነታ ይመልሳል። ያስለቀሰንን ሰው ስሙን በቃል እንይዛለን፤ ያሣቀንን ግን የማን ልጅ ነህ ብለን እንኳ አንጠይቅም።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣው ያደረገኝ ኮኪት ላይ ያዳመጥሁት ክርክር ነው። ኮኪት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። የሰሊጥና የጥጥ አገር ናት፤ የሱዳን ወሰንም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከቀትር በኋላ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መዝገብ በገለጠ ቍጥር ክንዱ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንበሩ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ሻይና ቡና ይመጣል፤ ከደጋ ተመድበው የወረዱ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም ይሰበሰባሉ። ኔትወርክ በማይኖርበት ማታ ከጎንደር በፍላሽ ተጭኖ የመጣ ፊልም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የዚያን ማታው ክርክር «ከእንግሊዝ የቴሌቪዥን ሲትኮም ጸሐፊዎች መካከል ትልቁ ማን ነው?» የሚል ነበረ። በ1881 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስ በወደቁበት ምድር አጠገብ ሰዎች ስለ ለንደን ቧልት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ መስማት ደስ ያሰኛል።

ነገሩን የጀመረው አንድ የጤና ባለሙያ ነው። እርሱ የሚያደንቀው ሚስተር ቢንን ነው። መምህሩ ወዲያው «ሚስተር ቢን እኮ አይናገርም! ለማይናገር ሰው ምን ጸሐፊ ያስፈልገዋል?» ብሎ አፋጠጠው። ሳቁ በረታ፤ የጤና ባለሙያውም ለጊዜው ተረታ። እኔ ግን የሚፈረድለት ለጤና ባለሙያው ይመስለኛል። ሰውዬው ከመኪናው ጣራ ላይ ወንበር አስሮ ተቀምጦ፥ መሪውን በገመድና በመወልወያ እንጨት እያዘዘ የነዳበት ጨዋታ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ሮዋን አትኪንሰን፥ ሪቻርድ ከርቲስና ሮቢን ድሪስኮል ቁጭ ብለው ቃል የሌለበትን ነገር በቃል ጽፈውታል። ዝምታም ይጻፋል።

ሲትኮም የሚባለው ነገር ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። አንድ ቤት ወይም አንድ ቢሮ አለ፤ በውስጡ አራት ወይም አምስት ሰዎች አሉ፤ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያው ሰዎች በዚያው ቤት ይመለሳሉ። ከሌላው ድራማ የሚለየው ሰዎቹ ምንም የማይማሩ በመሆናቸው ነው። በዚህ ሳምንት ኩራቱ ያዋረደው ሰው በሚመጣው ሳምንት ያንኑ ኩራቱን ለብሶ ይመጣል። ቤቱን ጥሎ እንዳይሄድ የሚይዘው ነገር አለ፤ ደመወዝ ይሆናል፥ አባት ይሆናል፥ ሚስት ትሆናለች። ጸሐፊው የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀልድ ማንም ሰው ይፈጥራል፤ ሰው ሊወጣበት የማይችለውን ቤት መሥራት ግን ለጥቂቶች የተሰጠ ነው።

በእኔ ሚዛን ይህን ቤት ከሁሉ አስቀድመው የሠሩት ሬይ ጋልተንና አላን ሲምፕሰን ናቸው። ሁለቱ የተገናኙት ተማሪ ቤት ወይም ቴአትር ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሁለቱም ገና ጐልማሶች ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው፥ በደቡብ እንግሊዝ ሚልፎርድ በተባለው የሕሙማን ማረፊያ ተኝተው ሳለ ነው። በዚያ ዘመን የሳንባ ሕመምተኛ ወራትና ዓመታት አልጋ ላይ ይከርም ነበረ። እነርሱም ራዲዮ እየሰሙ፥ ለሕሙማኑ የሚሆን ጨዋታ እየጻፉ ከረሙ። ከዚያ የወጡ ሁለት ሰዎች ስለ ታሰረ ሰው አጥብቀው ቢጽፉ ምን ያስደንቃል?

መጀመሪያ ቶኒ ሃንኮክ ለተባለ ኮመዲያን በራዲዮ፥ ኋላም በቴሌቪዥን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ግን «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» የተባለውን አመጡ። ነገሩ በጋሪ እየዞሩ አሮጌ ዕቃ ስለሚሰበስቡ አባትና ልጅ ነው፤ በእኛ አገር «ቆራሌው» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ልጁ ሃሮልድ ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። መጽሐፍ ያነባል፥ የወይን ጠጅ ስም ያጠናል፥ ከዚህ የቁርጥራጭ ግቢ ወጥቶ ሰው ለመሆን ይመኛል። አባቱ ደግሞ ቆሻሻ፥ ተንኰለኛና ብቻውን መቅረትን የሚፈራ ሽማግሌ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ልጁ በቃኝ ብሎ ዕቃውን ጋሪ ላይ ይጭናል። አባቱ ፈረሱን ይከለክለዋል። ሃሮልድ ጋሪውን በትከሻው ሊጎትት ይታገላል፤ ጋሪው ግን አልነቃነቅ ይለዋል። ያ ሁሉ ሰው ሲሥቅ ቆይቶ ድንገት ልጁ ሲያለቅስ ያያል። አባቱም ሻይ አፈላልሃለሁ እያለ እየደገፈ ወደ ቤት ያስገባዋል። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ናቸው፤ እስከ 1974 ድረስም ከዚያ አልወጡም።

ይህን ስተርክላቸው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «ጋሼ፥ ይህማ የእኔ የዝውውር ማመልከቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ዝውውር ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው የሃሮልድን ነገር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ጋልተንና ሲምፕሰን በዚህ ሥራ ሌላም ነገር ለውጠዋል። ለሁለቱ ዋና ሰዎች ኮመዲያን አልፈለጉም፤ ከባድ ቴአትር የሚሠሩ ተዋንያንን መረጡ። ኮመዲያን «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም፤ ሕዝቡ አይወደኝም» ይላል። ተዋናይ ግን የተጻፈለትን ሰው ይሆናል፤ የሚጠላ ሰው ቢሆንም ይሆናል። ስለዚህ ድርሰቱ ከአሣቂው ጌትነት ነጻ ወጣ። የጨዋታው ኀይል ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ የ1964ቱን የእንግሊዝ ምርጫ ማስታወስ ይበቃል። በምርጫው ቀን ማታ ስቴፕቶ በቴሌቪዥን ሊታይ ተዘጋጅቶ ነበረ። የሠራተኛው ፓርቲ መሪ ሃሮልድ ዊልሰን ደጋፊዎቼ ድምፅ መስጠቱን ትተው ከቤት ይቀሩብኛል ብሎ ፈራና ወደ ቢቢሲ ዋና ሹም ሄደ፤ ሰዓቱም ተዛወረለት። ዊልሰን በጥቂት ወንበር ብልጫ አሸነፈ። ሁለት የቀድሞ ሕሙማን የጻፉት ቧልት የመንግሥት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግን ድምፁን ለሌላ ሰጠ። እርሱ የሚያመልከው «የስ ሚኒስተር»ን ነው፤ «አዎን ክቡር ሚኒስትር» እንደ ማለት ነው። አንቶኒ ጄይና ጆናታን ሊን የጻፉት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ታየ። አዲስ የተሾመ ሚኒስትር አለ፤ ብዙ ሊሠራ ያስባል። ከበታቹ ቋሚው ዋና ጸሐፊ ሰር ሃምፍሪ አለ፤ ሚኒስትሮች ሲመጡና ሲሄዱ እርሱ ከወንበሩ አይነቃነቅም። ሚኒስትሩ በጠየቀ ቍጥር ሃምፍሪ «አዎን» ይላል፤ ነገሩ ግን አይደረግም። አንድ ክፍል በተለይ ይጠቀሳል። አዲስ ሆስፒታል ተሠርቷል፤ 500 የአስተዳደር ሠራተኛ ተቀጥሮለታል፤ በሽተኛ ግን አንድም የለበትም። ሚኒስትሩ ይጮኻል። ሹማምንቱ ግን ሠራተኛው ሁሉ ሥራ እንደ በዛበት፥ ሆስፒታሉም በንጽሕናው የተመሰገነ እንደ ሆነ ረጋ ብለው ያስረዱታል። በሽተኛ ቢገባበት ኑሮ ይህ ሁሉ ምስጋና በተበላሸ ነበረ!

ጄይና ሊን ይህን ሁሉ ከራሳቸው አልፈጠሩትም። በመንግሥት ቤት የሠሩ ሰዎችን በምስጢር እየጠየቁ ነው የጻፉት። ስለዚህ የሚያሾፉባቸው ባለ ሥልጣኖች ራሳቸው ወደዱት። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ ከሁለቱ ዋና ተዋንያን ጋር በአንድ አጭር ጨዋታ ላይ ተካፍላለች። እዚህ ላይ መምህሩ «ሹሙ የሚወደው ቧልት ምን ጥርስ አለው?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ከዚያ ማታ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። መልሴም ግማሽ ነው። የስ ሚኒስተር አንዱን ሚኒስትር አይነክስም፤ መሥሪያ ቤት የሚባለውን ነገር ራሱን ነው የሚነክሰው። በዚህም ምክንያት ከለንደን ርቆ፥ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ በመሄዱ አንድ ገበሬ ሦስት ቀን በሚመላለስበት ቢሮ ውስጥ ሁሉ ይገባል።

ሌሎቹንም ሳልጠራ አላልፍም። ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ «ፎልቲ ታወርስ»ን በ1975 እና በ1979 ጽፈው 12 ክፍል ብቻ ሠርተው አቆሙ። ብዙው ጸሐፊ 12 መልካም ክፍል ከጻፈ በኋላ 40 መጥፎ ይጨምርበታል፤ እነርሱ ግን ማቆምን ያውቁ ነበረ። ጆን ሰሊቫን የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ነው። በቢቢሲ የመድረክ ዕቃ እየተሸከመ ሲሠራ ቆይቶ ድርሰቱን ለአዘጋጆች አቀረበ። ኋላ የጻፈውን «ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ»ን እ.ኤ.አ. በ1996 የገና ሰሞን ከ24 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተለት። መምህሩ የሚሟገትለት እርሱን ነው። ሥራ ፈላጊ ለሆነ አንባቢያችን ይህ ታሪክ መልካም ነው፤ ሸክሙን እየተሸከሙ መጻፍ ይቻላልና።

ጆኒ ስፔይት ግን ለየት ያለ ጣጣ ገጥሞታል። «ቲል ዴዝ አስ ዱ ፓርት» በተባለው ሥራው መጤን ሁሉ የሚሳደብ አልፍ ጋርኔት የተባለ ክፉ አፍ ፈጠረ። ሐሳቡ ሕዝቡ በሰውዬው ድንቍርና እንዲሥቅ ነበረ። ብዙ ተመልካች ግን ከሰውዬው ጋር ሆኖ «እሰይ፥ ልባችንን ተናገረልን» ብሎ ሣቀ። ጸሐፊው የሣቁን በር ይከፍታል እንጂ በበሩ ማን እንደሚገባ አያዝዝም። ይህን ነገር የኮኪት ሰው ቶሎ ይረዳዋል። በገበያዋ አማርኛ፥ ጉሙዝኛና ዐረብኛ ይቀላቀላሉ። የአንዱን አነጋገር እየኰላተፉ ማሣቅ ቀላል ነው። የሚሥቀው ሰው ግን በምን እንደ ሣቀ ገበያው ሲፈታ ይታወቃል።

«የእነርሱን ትተን የእኛንስ?» ያለው እንደ ገና የጤና ባለሙያው ነው። የእኛን ስናነሣ ከዚያው ከጎንደር ምድር እንጀምር። ዐለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ ናበጋ ጊዮርጊስ አገራቸው ነው። ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም የሚባለውም በልጃቸው ስም የሚጠራ የእርሳቸው ሥራ ነው። ሕዝቡ ግን ሊቅነታቸውን ወደ ጎን ትቶ ቀልዳቸውን ይዞ ቀረ። በእርሳቸው ዘንድ የሆነው የዛሬው ተቃራኒ ነው። ዛሬ ቀልዱ ይታወቃል፥ ባለቤቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ግን ስማቸው ገነነና ባለቤት ያጣው ቀልድ ሁሉ ወደ እርሳቸው ሄዶ ተጠጋ። ዐለቃ ከሞቱ በኋላ የተፈጠረ ቀልድ ሳይቀር «ዐለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ» ተብሎ ሲነገር ሰምተናል።

ለመድረክ ተብሎ በተጻፈው ግን መጀመሪያ የሚጠሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ ቴራስ በተባለው ሆቴል ቴአትር ተብሎ የተጠራ ትርኢት ተመለከቱ። ያዩት ግን ዘፈንና እስክስታ ነው። ቴአትር እንዲህ አይደለም ብለው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማም እዚያው ታየ። በአማርኛ ተጽፎ የታየ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ይኸው ነው። አንባቢዬ እዚህ ላይ ልብ ይበል። የኢትዮጵያ ቴአትር የጀመረው በታሪክ ወይም በሐዘን አይደለም፤ በቧልት ነው። አውሬዎቹ እየተናገሩ የአስተዳደሩን ብልሹነት ገለጡ። የሰው ስም አልተጠራም፤ ተመልካቹ ሹም ግን በአውሬው ቆዳ ውስጥ ራሱን ዐወቀ። ነገሩ ንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ ደረሰ፤ ቴአትሩ ተከለከለ፤ የታተመውም መጽሐፍ ተሰበሰበ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ እስከ ጫኑበት እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስም መድረኩ ዝም እንዳለ ቈየ። በዚያው በ1923 የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኒያው ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ሕጋቸው ታወጀ፤ ቧልታቸው ተከለከለ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መድረካችንን የያዙት የታሪክና የምክር ቴአትሮች ናቸው። አንዱ ተዋናይ ቆሞ ረጅም ተግሣጽ ይሰጣል፤ ሌላው ቆሞ ያዳምጣል። ይህን የሰበረው መንግሥቱ ለማ ነው። የሊቁ የዐለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው፤ ስለዚህ የአማርኛን ሰምና ወርቅ በቤቱ አግኝቶታል። ለትምህርት ወደ ለንደን ሄዶ የበርናርድ ሾውን የሐሳብ ቧልት ቀሰመ። ስለ እንግሊዝ ኮመዲ ለሚከራከር ኢትዮጵያዊ የመንግሥቱ ነገር ባዕድ አይደለም፤ የኮኪቱም ክርክር ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል። በ1950ዎቹ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን አቀረበ።

በ«ያላቻ ጋብቻ» የተማረ የትልቅ ሰው ልጅ ሀብቱን ትቶ ገጠር ገብቶ ያስተምራል። አክስቱ የዘር ሐረግ እየቈጠረች ተመጣጣኝ ሚስት ልታገባው ትደክማለች፤ እርሱ ግን ገረዱን ይወዳል። ሣቁ ከየት ይመጣል? ማንም አይወድቅም፥ ማንም ልብሱን ገልብጦ አይለብስም። ሁሉም ሰው በአነጋገሩ ፍጹም ጨዋ ነው፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፥ ያንንም ነገር በግልጽ ለመናገር ያፍራል። አክስቲቱን ቂል አላደረጋትም። እርስዋም የራስዋ እውነት አላት፤ እንዲያውም ከተማረው ሰውዬ ይልቅ እርስዋ ዓለምን የምታውቅባቸው ጊዜዎች አሉ። ሰነፍ ጸሐፊ የሚጠላውን ሰው ደደብ ያደርገዋል። መንግሥቱ ግን ለተቃዋሚው የተሻለውን ቃል ይሰጠዋል።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ረድቶ ነው። ከእንግሊዝ መሣሪያው መጣ፤ ጸሐፊን ከፍሎ የማቆየት ልማድ ግን አብሮ አልመጣም። ኋላ በመስኮቱ የወጡት አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፥ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ አገሩን ሁሉ አሣቁ። እነዚህ ጥንዶች ከጨዋታው ጋር ድርሰቱንም ይሠሩ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። አለባቸው በ1997 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲሞት አገሩ የተዋናዩን ፊት አለቀሰ። በ2000ዎቹ የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» አንድን ቤተሰብ በየሳምንቱ ወደ ቤታችን እያመጣ ሲትኮም የሚባለውን ነገር አስለመደን። ቀጥሎ በፋና ቴሌቪዥን «ምን ልታዘዝ» መጣ። አንድ ካፌ ነው፤ ባለቤት አለች፥ አስተናጋጅ አለ፥ ደንበኛ አለ። በካፌው ግን አገር ይተዳደርበታል። የዚህን ጸሐፊ ስም ጠንቅቆ መያዝ ይገባል፤ በኃይሉ ዋሴ ነው፥ ዋጄ የሚሉት። ከፋቡላ በኋላ የአገር አስተዳደርን በተዘዋዋሪ መንገድ ይህን ያህል በድፍረት የነካ ቧልት በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ማየት አልለመድንም ነበረ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ግን ከመስኮቱ ወረደ።

ከወሰኑ ማዶም ነገሩ ያው ነው። መተማና ገላባት ዐረብኛ የሚሰማ ሰው ሁሉ ዓዲል ኢማምን ያውቃል። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው «የረባሾች ተማሪ ቤት» የተባለው የግብፆች ቴአትር እስከ ዛሬ ሰዉን ያፈርሰዋል። የዓሊ ሳሊም ድርሰት መሆኑን ጠይቁ፤ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ዓዲል ኢማምን ታውቃለች፥ ዓሊ ሳሊምን ግን አታውቅም።

አንባቢዬ «የጸሐፊው ስም ቢታወቅ ባይታወቅ ምን ይጠቅማል? እኛ ሣቁን አግኝተናል» ይል ይሆናል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አንድ ደብተር አለው። በቢሮው የሚያየውን ሁሉ እንደ ጨዋታ አድርጎ ይጽፍበታል። አንዱን ገጽ አነበበልን። አንድ ባለ ጉዳይ ደብዳቤ እንዲጻፍለት ማመልከቻ እንዲያስገባ ይታዘዛል፤ ማመልከቻው ግን ያለ ደብዳቤ አይቀበልም። ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ባለ ጉዳዩን ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፥ ውኃም ያጠጣዋል። በዚህ ደግነት መካከል ሰውዬው አንድ ሳምንት ይከርማል። ሁላችንም ሣቅን። ከዚያ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፥ ይህን ለጎንደር ልጆች ለመድረክ ብሰጥ ስሜን ልጻፍበት ወይስ ልተወው?» አለኝ። የሚፈራው አለቃውን ነው። መምህሩ «ተወው፤ እንጀራህ ይበልጣል» አለው። የጤና ባለሙያው «ጻፍበት» አለው።

እኔም ጻፍበት ብዬዋለሁ። ይህንም ያልሁት የተክለ ሐዋርያትን ነገር ረስቼ አይደለም። ስም የሌለው ድርሰት ሲወደድ ተዋናዩ ይወስደዋል፥ ሲጠላ ግን ጸሐፊው ተፈልጎ ይገኛል፤ ስለዚህ ስሙን የደበቀ ሰው ከምስጋናው እንጂ ከቅጣቱ አያመልጥም። ሁለተኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ያውቃል፤ ደራሲው ራሱን ካላስታወቀ ግን ሕጉ ለማን ይቁም? በፍላሽ የሚዞረው ፊልም መጨረሻ ላይ ስሞቹ መውጣት ሲጀምሩ እኛው ራሳችን በጣታችን እንቈርጠዋለን። ሰሊቫን ዕቃ ተሸካሚነቱን ትቶ በብዕሩ እንዲኖር ያደረገው ያ እኛ የምንቈርጠው ስም ነው። ሦስተኛው ምክንያቴ ስለ ጽሕፈቱ ራሱ ነው። ስሙን የሚጽፍ ሰው ለአለቃው ፍትሕ ይሰጠዋል። የማይጽፍ ሰው ግን ቂሙን ይወጣበታል፤ ቂምም እንኳን ግማሽ ሰዓት፥ አሥር ደቂቃ አያሥቅም።

እንግዲህ ድምፄን ልስጥ። ከእንግሊዞቹ ጋልተንና ሲምፕሰንን ከሁሉ በላይ አስቀምጣለሁ። ጄይና ሊን ይበልጥ ብልሆች ናቸው፤ ሰር ሃምፍሪ ግን አያስለቅሰኝም። ጋሪውን ሊጎትት የታገለው ሃሮልድ ግን ያሥቀኛልም፥ ያስለቅሰኛልም። ሰሊቫን የሁለቱ ተማሪ ነው፤ መምህሩን የሚያህል ተማሪ።

ከእኛ መንግሥቱ ለማን እመርጣለሁ። የእርሱ ሰዎች በአንድ ተዋናይ ፊት ላይ አልተለጠፉም፤ ተዋናዩ በየዘመኑ ይለዋወጣል፥ አክስቲቱ ግን ዘር መቍጠሯን አታቆምም። በኃይሉ ዋሴ ገና ብዙ የሚጽፍበት ዘመን አለውና ለእርሱ ፍርዱን አቈየዋለሁ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ለመድረክ የጻፉት የምናውቀው ያን አንዱን ብቻ ነው። ባይከለከሉና ሁለተኛ ኮመዲያ ቢጽፉ ኑሮ ድምፄን ለማን እንደምሰጥ እንጃ።